መሸነፍ ያቃተው ነጋዴ

በዚያ የነቀምት ቀበሌ ካርታ መጫወት ማክሰኞ ተከለከለ፤ በሚቀጥለው እሑድ ግዴታ ሆነ።

ነገሩ የተፈጸመው ሥርዓት ባለው መንገድ ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በተከበረ ሰሞን፣ አብዮት ጠባቂዎች ከየጠላ ቤቱ የለቀሙትን ካርታ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ነገራ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ መረመረው። ጓድ ነገራ ቡልጋሪያ ሄዶ ሦስት ወር ሠልጥኖ የተመለሰ ስለሆነ ሌላው የማያየውን ያያል። ንጉሡ ከዙፋኑ ከወረደ አሥር ዓመት ሞላው፤ ካርታው ላይ ግን አራት ነገሥታት ከነሚስቶቻቸው ዘውዳቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ይህ በአንድ ቀበሌ ክልል ውስጥ በዝምታ የሚታለፍ አልነበረም። ካርታው ተቃጠለ። በምትኩ ሕዝቡ እየተዝናና የኅብረተሰብን ዕድገት የሚማርበት «የሥልጣኔ ግንባታ ካርታ» እንዲሠራ ተወሰነ። ውሳኔው በጭብጨባ ጸደቀ፤ ያላጨበጨበም እንዲያጨበጭብ ተደረገ።

አዲሱ ካርታ የተቆረጠው ከሳሙና ካርቶን ነው። ካርቶኑን ረዲ የሚባል ባለሱቅ በፈቃዱ እንዲሰጥ ታዝዞ ሰጠ። ረዲ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ነቀምት ላይ የጎለመሰ ሰው ነው። ላምባ፣ ጨው፣ የባትሪ ድንጋይና ኮንጎ ጫማ ይሸጣል። ገበያ ላይ ኦሮምኛ፣ ቀበሌ ውስጥ አማርኛ፣ ቤቱ ጉራጌኛ ይናገራል፤ በሦስቱም ከሚናገረው የሚተወው ይበልጣል። የሚሠራበት ሱቅ የቀበሌ ቤት ነው። ቀበሌው ቤቱን ለኅብረት ሱቁ መጋዘን ሊያደርገው ካሰበ ቆይቷል፤ ምክንያት ብቻ አላገኘም።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ጓድ ነገራ ቆሞ ጨዋታውን አስረዳ። አራት ወገኖች አሉ፤ ሰፊው ሕዝብ፣ ነጋዴ፣ ፊውዳልና ገበሬ። ካርታ ካርታን ይወልዳል። አህያ ያለው ጨው ያመጣል፤ ጨው ያለው እህል ያመጣል፤ እህል ያለው ወፍጮ ይተክላል። የሚያበላው ያጣ ወገን ይወድቃል። ካርታው ሲያልቅ ብዙ ሰው ያበላው ወገን ሥልጣኔን ገነባ ይባላል። አንድ ተጫዋች አልፈልግም ብሎ የጣለው ካርታ በቀኙ ለተቀመጠው ይሆናል።

«ሕጉ ግን ለሁሉም አንድ አይደለም» አለ ጓድ ነገራ። «ነጋዴ በአንድ ጨው ሁለት እህል ይለውጣል። ገበሬ በየዙሩ ያመርታል፤ ከምርቱ ግማሹን ሰፊው ሕዝብ ራሱ በቆረጠው ዋጋ ይወስዳል። ፊውዳል ምንም አይሠራም፤ ከገበሬው ላይ ሲሶ ይበላል። ሰፊው ሕዝብ ደግሞ በፈለገ ጊዜ ስብሰባ ይጠራል። ስብሰባ ሲጠራ ማንም አይሠራም።»

ለየወገኑ የተለያየ ሕግ መኖሩ ማንንም አልገረመም። ከጠረጴዛው ውጭም የለመዱት ነው።

የገበሬው ወገን ለአዴ ድርቤ ተሰጠ። አዴ ድርቤ ጠላ ጠማቂ ናት፤ እርሻ በእግሯ ከረገጠች ዘመን አልፏል። እውነተኛ ገበሬ ቢጠራ ይሻል ነበር፤ ግን ገበሬዎቹ እሑድ እሑድ የኮታ እህል ያስረክባሉ።

«ግማሹን ሰፊው ሕዝብ ከወሰደ፣ ሲሶውን ፊውዳል ከበላ፣ ለገበሬዋ ምን ይቀራል?» አለች አዴ ድርቤ።

«የማምረት መነሳሳት» አለ ጓድ ነገራ።

ፊውዳሉን ማን ይጫወት ሲባል አዳራሹ በሙሉ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ጓድ ነገራ ይህንንም አስቦበታል። «ፊውዳሉ ተደምስሷል። ስለዚህ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ጨዋታው ሳይንሳዊ ስለሆነ ግን ድርሻ ካርታው ይሰጠዋል።» ሰፊውን ሕዝብ ማን እንደሚጫወት አልተጠየቀም። ጓድ ነገራ ተቀመጠ። በቀኙ ረዲን አስቀመጠው፤ ከረዲ ቀኝ ባዶው ወንበር፣ ከወንበሩ ቀጥላ አዴ ድርቤ።

ካርታ ከመታደሉ በፊት ወደ ረዲ ጆሮ ጠጋ አለ።

«አንተ ታሪክ የፈረደበት መደብ ነህ። ዝም ብለህ ትጫወታለህ፤ ትወድቃለህ፤ ሕዝቡ ይማራል።»

«እሺ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ካልወደቅህ ሕዝቡ የተሳሳተ ነገር ይማራል። ሱቁ የማን ቤት እንደሆነ ታውቃለህ።»

«የቀበሌ።»

«ጥሩ።»

ረዲ እንግዲህ ወደ ጨዋታው የገባው ለመሸነፍ ነው። በዚህ በኩል ቅር አላለውም፤ ሱቁን የሚያተርፍለት ከሆነ ካርታ ላይ መክሰር ምንም አይደለም።

ለጓድ ነገራ መጀመሪያ የደረሰው ካርታ አህያ ነበር። የካርታው ሠዓሊ ጆሮዋን አስረዝሞ ስለሣላት ማንም አልተሳሳታትም። ጓድ ነገራ ግንባሩን ቋጥሮ አያትና ጣላት። «አህያ ኋላ ቀርነት ነው» አለ። አህያዋ ወደ ቀኝ አለፈች፤ ለረዲ። ቀጥሎ ጓድ ነገራ የአብዮት ቅስት አቆመ። ተጨበጨበ። ድምፅ ማጉያ ተከለ። ተጨበጨበ።

«ቅስቱ ምን ያመጣል?» አለች አዴ ድርቤ።

«ክብር ያመጣል።»

«ይበላል?»

«አዴ ድርቤ፣ ሥነ ሥርዓት።»

ረዲ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። አህያዋ ግን ሥራ አትፈታም። ጨው አመጣች። ጨው በሕጉ መሠረት እህል አመጣ፣ እህሉ ወፍጮ ተከለ፣ ወፍጮው ሁለተኛ አህያ ገዛ። ረዲ ላብ አጠመቀው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ገበያ አጋጥሞት አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ገበያ ጠልቶም አያውቅም። ጓድ ነገራ ሐውልት ሲያቆም ሰፊው ሕዝብ የሚበላው አጥቶ ወደቀ። ጭብጨባው ለጥቂት ጊዜ ከዚያ በኋላም ቀጥሎ ነበር።

ካርታው ሲያልቅ ሥልጣኔን የገነባው ነጋዴው ሆነ። ባዶው ወንበር ሁለተኛ ወጣ።

«ማሎ፣ እባክህ ረዲ» አለች አዴ ድርቤ ቀስ ብላ፣ «ቤትህን በእጅህ ታፈርሳለህ?»

በማግስቱ ጓድ ነገራ ሱቁ መጣ።

«አሻጥር ነው የሠራኸው።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አህያዋን የጣሏት እርስዎ ነዎት።»

«መጣሌን ለምን ተጠቀምህበት?»

«ምን ላድርጋት?»

«በራስህ ላይ ትግል ማካሄድ ነበረብህ።»

የረዲ ሚስት ወለቴ ከጓሮ በር ላይ ሆና ሰምታለች። ጓድ ነገራ ሲወጣ ገባች። «ከኔ ጋር ስትከራከር ሁልጊዜ ትሸነፋለህ። እዚያ ስትሄድ ምን ያቅትሃል?»

«አንቺ ማሸነፍ ታውቂያለሽ። እሱ አያውቅም።»

«አስተምረዋ።»

«ሊቀመንበር ነው እኮ።»



በሁለተኛው እሑድ ሕጉ ተሻሻለ። ሰፊው ሕዝብ በየዙሩ ከነጋዴው አንድ ካርታ እንዲወርስ ተፈቀደለት። ጓድ ነገራ የረዲን ወፍጮ ወረሰ። ወፍጮው ግን አልፈጭ አለ፤ ወፍጮ እህል ይፈልጋል፣ እህል ጨው ይፈልጋል፣ ጨው አህያ ይፈልጋል፣ አህያ ደግሞ ኋላ ቀርነት ነች። ጓድ ነገራ ለወፍጮው ሥራ አስኪያጅ ሾመ። ምክትል ጨመረለት። በር ላይ ጥበቃ አቆመ። ሦስቱም በሉ። ሰፊው ሕዝብ ካለፈው እሑድ ቀድሞ ወደቀ። ረዲ አህያዋን ማንም ስላልወረሰበት ሌላ ወፍጮ ተከለና አሁንም አሸነፈ። ወሬው ተዛመተ። ከጎረቤት ከተማ ከሲሬ በሚመጣ አውቶቡስ የሚወርድ ሰው ሳይቀር «ሥልጣኔው እንዴት ሆነ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር።

ወሬው የበላይ አካል ጆሮ ገባ። የበላይ አካል ወሬን ሲሰማ ገልብጦ ነውና የሚሰማው፣ በቀበሌው ድንቅ የማስተማሪያ ዘዴ ተፈልስፏል ብሎ ካድሬውን ጓድ ደረሳን ለጉብኝት ላከ። ጓድ ነገራ ቅዳሜ ወደ ሱቁ መጣ። በዚህ ጊዜ ጠባዩ ለስልሶ ነበር።

«ረዲ ወንድሜ፣ አካም ጅርታ? እንዴት ነህ?»

ረዲ ፈራ። ሊቀመንበሩ ወንድሜ ብሎት አያውቅም።

«ነገ ከተሸነፍህ ሱቁን ማንም አይነካብህም። ካሸነፍህ ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ይዘህ ትመጣለህ።»

ጓድ ደረሳ ቢሮው ከአዳራሹ ማዶ ቢሆንም በላንድሮቨር ከተማውን ዞሮ መጣ። ሕዝቡ ተነሥቶ ተቀበለው። ካርታው ታደለ።

ረዲ ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ አንድ ዘዴ አግኝቷል፤ የደረሰውን ካርታ ሁሉ ይጥላል። አህያ ደረሰው፣ ጣለ። ጨው ደረሰው፣ ጣለ። ወፍጮ ደረሰው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጣለ። የጣለው ሁሉ በሕጉ መሠረት በቀኙ ካለው ወንበር ፊት ተከመረ። ረዲ ወደዚያ አላየም፤ የሚያየው የራሱን ባዶ እጅ ነበር። አዴ ድርቤ ልታሳየው ሁለት ጊዜ ሳለች። ጉንፋን መሰለው።

ጓድ ነገራ በእንግዳው ፊት ቅስት አቆመ፣ ሐውልት አቆመ፣ ከዚያ የሚያቆመው ሲያጣ ስብሰባ ጠራ። ስብሰባ ሲጠራ ማንም አይሠራም። አዴ ድርቤ አላመረተችም፤ ረዲም ከነበረበት አልተነሣም። ወንበሩ ግን ድሮም ስለማይሠራ የቀረበት ነገር የለም። ጓድ ነገራ ነገሩ አላምር ሲለው ሌላ ስብሰባ ጠራ፤ የመጀመሪያውን ለመገምገም።

ነጋዴው ወደቀ። ረዲ በዕድሜው ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሎት ከስሮ አያውቅም። ትንፋሹን ሳይጨርስ ግን ሰፊው ሕዝብም ተከትሎት ወደቀ። ቀጥሎ ገበሬዋ ወደቀች።

«ማን አሸነፈ?» አለ ጓድ ደረሳ።

ጓድ ነገራ ካርታውን እንደገና ቆጠረ።

«ወንበሩ» አለች አዴ ድርቤ።

«የማን ወንበር ነው?»

«የፊውዳሉ።»

እንግዲህ አብዮቱ በፈነዳ በአሥረኛው ዓመት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ነቀምት ላይ ፊውዳሊዝም ተመለሰ ማለት ነው፤ ያውም በበላይ አካል ፊት፣ ያውም ሰው ሳይቀመጥበት። ረዲ የተሸነፈ ሰው ይጠየቃል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን ከፊቱ ያለውን ባዶ ቦታና ከወንበሩ ፊት ያለውን ክምር ሰው ሁሉ እያየ ነው።

ጓድ ደረሳ ብዙ አሰበ። ከዚያ ተነሣ።

«ስህተቱ ግልጽ ነው። የጠላት ቦታ ያለ ኃላፊ ተትቷል። ጠላትን ያለ አመራር መተው አደገኛ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ወንበር ላይ የታመነ ሰው መቀመጥ አለበት። በዚህ ቀበሌ ከሊቀመንበሩ የበለጠ የታመነ ማን አለ?»

ማንም የለም ተብሎ ተጨበጨበ። ጓድ ነገራ ብድግ ብሎ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ረዲም ከጥያቄ ዳነ።

የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ያ ሁሉ እሑድ በጨዋታ ደካማነቱ የታወቀው ጓድ ነገራ፣ በፊውዳሉ ወገን ሲጫወት አቻ አጣ። የወገኑን ሕግ እንኳ ማንበብ አላስፈለገውም። አንድም ካርታ አልጣለም። ከአዴ ድርቤ ምርት ሲሶውን ወሰደ፤ በሚቀጥለው እሑድ እኩሌታውን። ከረዲ ለጌታ የሚቀርብ መታያ ጠየቀ፤ መታያ በሕጉ ውስጥ አልነበረም፣ ግን እንዲህ ባለ ግርማ ሲጠየቅ ማን ይከለክላል? ቅስትና ሐውልት አላሠራም፤ ለወንበሩ ትራስ ብቻ አስመጣ። ዘወትር ያሸንፍ ጀመር። ሕዝቡም የኅብረተሰብን ዕድገት በሚገባ ተማረ። የሰፊው ሕዝብ ወንበር ባዶ መቅረቱን ግን ማንም ልብ አላለም። ድርሻ ካርታውም አይሰጠውም ነበር።

ረዲ ሱቁን አልተነጠቀም። ቃል እንደ ተገባለት ማንም አልነካውም። አንድ ሰኞ ጠዋት አብዮት ጠባቂው መጣና ለጓድ ነገራ ቤት አንድ ጀሪካን ላምባ፣ ጨውና ሳሙና ሳይከፍል ተሸክሞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየሰኞው ይመጣል። ወለቴ ሲመጣ ሲሄድ ስታየው ከረመችና አንድ ቀን ጠየቀች።

«ጨዋታው እሑድ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ሱቁ ተርፎልናል ብለኸኝ አልነበር?»

«ተርፏል።»

«ታዲያ እኛ ምን ሆንን?»

ረዲ ባዶውን የላምባ በርሜል ወደ ጥግ ገፋ አደረገ።

«ጭሰኛ» አላት።