ድስቱ ሲጾም

በዚህ አገር ከሰው ይልቅ አጥብቆ የሚጾመው ድስት ነው። አትቆጡኝ! ሰውማ እየጾመ ሰው ያማል፤ እየጾመ የጎረቤቱን ድንበር ይገፋል። ድስት ግን አንዴ ከጾመ ጾመ ነው። ቅቤ የነካ ማንኪያ በአጠገቡ ቢያልፍ እንኳ ዞር ብሎ አያይም። የእኛን ቤት ድስት ደግሞ ብታዩት... ለመመንኮስ ቆብ ብቻ ነበር የቀረው።

እናቴ ከይጁቤ ወደ ደብረ ማርቆስ የመጣችው በቅበላ ሰሞን ነው። ባለቤቴ አማኑኤል ከተማ ስለምታስተምር ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ነው የምትገባው። አንድ ዓመት ከአራት ወር የሆናትን ልጃችንን ማህደርን የሚጠብቅ ሰው ጠፍቶ ነበርና እናቴ ስትመጣ እልል አልን። እሷ ግን ዘንቢሏን እንኳ በወጉ ሳታሳርፍ ወጥ ቤት ገባች። ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ማንኪያው በአመድ ተፈትጎ ተፈትጎ መልካችንን የምናይበት ሆነ። ቀጥሎ ዐዋጅ ወጣ፤ እስከ ፋሲካ ድረስ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የሚባል ነገር ወደዚህ ዕቃ ድርሽ እንዳይል።

"የማህደርስ ምግብ በምን ሊሠራ ነው?" አልኳት።

"በድስቱ ነዋ። እኛ የምንበላውን ትበላለች።"

"ሕፃን ናት እኮ እማዬ።"

"እሷ ትጹም መች ወጣኝ? ድስቱ ነው የሚጾመው።"

ይህን ክርክር የሚረታ ጠበቃ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። እኔ እጄን ሰጠሁ።

ስለዚህ ልጄ ጠዋት የሽሮ ፍትፍት፣ ቀን የሽሮ ፍትፍት፣ ማታ ደግሞ ለለውጥ ያህል ፍትፍት በሽሮ ትበላ ጀመር። የግቢያችን ዶሮ ጾም መግባቱን የነገራት ስለሌለ በየቀኑ ትጥላለች። እንቁላሎቹ ጤፍ ውስጥ ተቀብረው ፋሲካን ይጠባበቃሉ። ባለቤቴ አንድ ቀን፣ "ሌላ ድስት ገዝተን ብንቀቅልላትስ?" ብትለኝ፣ "ተይ፣ እማዬ ትቀየማለች" አልኳት። አባወራ እንዲህ ነው!

ከጾሙ በፊት ማህደር ወንበር ይዛ ትቆም ነበር። መነጽሬን ትነጥቀኛለች፤ "እምቢ" የምትለውን ቃል ከማንም በፊት ተምራለች። እኩለ ጾም ላይ ግን ያስቀመጧት ቦታ ቁጭ ብላ የምትውል ልጅ ሆነች። ጎረቤት ሁሉ፣ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!" ይላል። እኔም እኮ ኮራሁ! መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ "በእኛ ዘር ዝምታ ወርቅ ነው" እያልኩ አወራሁ። የልጅ አስተዳደግ ምክር የሚጠይቁኝም አልጠፉም። መከርኳቸው።

በዚህ መካከል ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ባለሙያ ሲስተር ብርቱካን መጣች። ማህደርን ጠራቻት፤ ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና መልሳ አቀረቀረች። ሲስተር ከቦርሳዋ የልጆች የምግብ እጥረት የሚለካበትን ባለቀለም ጥብጣብ አውጥታ ክንዷን ለካች።

"ቢጫ ነው" አለች።

"ታዲያ ምን ችግር አለው? ቀይ አይደል።"

"ቀይ እስኪሆን ልንጠብቅ ነው?" ብላ ገላመጠችኝ። "እንቁላል ትበላለች?"

"ዶሮዋ በየቀኑ ትጥላለች" አልኩ።

"ስለ ዶሮዋ አልጠየቅሁም።"

እናቴ ጣልቃ ገባች። "ድስቱ ይነካካል ልጄ።"

"እማማ፣ ድስቱ መቼ ተገዛ?"

"ማህደር የተወለደች ጊዜ።"

"እንግዲያው እኩያዋ ነው። እሱም ገና ሕፃን ነው፤ ጾም አልደረሰበትም።"

እናቴ አልሳቀችም። ሲስተርም ሳቋን አቁማ ወደ እኔ ዞረች። "የልጅ አእምሮ የሚገነባው በእነዚህ ሁለት ዓመታት ነው። ፋሲካ እስኪደርስ ቆሞ አይጠብቅም። መቆም ጀምራ የነበረች ልጅ ለምን ተቀመጠች?"

"ይኸንንም እንዲሁ ነው ያሳደግሁት፤ ምን ሆነ?" አለች እናቴ እኔን እየጠቆመች።

ሲስተር ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ብዙ ጊዜ አልወሰደባትም፤ መንገዱ አጭር ነው።

በማግስቱ ወኔዬን ሰብስቤ ትንሽ ድስት ገዛሁ። እናቴ ከደጅ አላሳልፍ አለችው። "በየትኛው ውሃ፣ በየትኛው መፈተጊያ ሊታጠብ ነው?" ድስቱ የሱቁ ወረቀት እንደተለጠፈበት ሦስት ቀን አጥር ላይ ተሰቅሎ ዋለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው፤ ከእናቴ ጋር መነጋገሩን ፈርቼ ከዕቃ ሻጭ ጋር ተነጋገርኩ።

እሑድ ዕለት የነፍስ አባታችን መምሬ ይትባረክ ለጠበል ጎራ አሉ። እናቴ እንደምትረታ እርግጠኛ ነበረችና ክሱን ራሷ አቀረበች።

"አባቴ፣ ለሕፃኗ እንቁላል ቀቅይ ይሉኛል።"

"ሕፃን ጾም የለባትም፣ ወለተ ሐና።"

"እሱንማ አጣሁት? ድስቱ ነው እንጂ አባቴ።"

መምሬ ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ማህደርን ረዘም አድርገው አዩዋት። "እኔ ያንቺ የነፍስ አባት ነኝ። የድስት የነፍስ አባት አይደለሁም። ድስት በውሃ ይታጠባል። ልጅቷ ርቧታል፤ ተነሽና ቀቅይላት።"

እናቴ ተነሣች። ጤፉ ውስጥ እጇን ሰድዳ ሁለት እንቁላል አወጣች፤ በዚያው በትልቁ ድስት ጣደችው። ልጣ፣ በጣቶቿ አድቅቃ አጎረሰቻት። ማህደር የመጨረሻዋን ጉርሻ ከዋጠች በኋላ የአያቷን እጅ በሁለት እጆቿ ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ መላስ ያዘች። እናቴ እጇን አልነጠቀቻትም። እንባዋ ወረደ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ይቺ ልጅ ርቧት ነበር እኮ! እኔስ ፊደል አልቆጠርኩ። አንተ ተምረሃል፣ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ፤ እንዴት ዝም ትላለህ?"

"አንቺን ፈርቼ ነዋ።"

"እኔ ምን አደርግህ ነበር?"

አሰብኩት። ምንም አታደርገኝም ነበር፤ ቢበዛ ሁለት ቀን ታኮርፈኛለች። እንግዲህ የሁለት ቀን ኩርፊያ ፈርቶ ልጁን አንድ ወር ያስጾመው ሰውዬ፣ በየሳምንቱ እዚህ ተቀምጦ እናንተን የሚመክረው ነው።