ወደ ኩሬው የሚያይ መስኮት

(የመኖሪያ ቤት ሳሎን። ሶፋው በላስቲክ ተሸፍኗል። ግድግዳው ላይ በጠመኔ አራት ማዕዘን ተስሏል። ከውጭ የትልቅ ግንባታ ድምፅ ይሰማል። የቤቱ ባለቤት ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የማያውቀው ነገር ስለሌለ ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል። መዶሻ ይዞ የቆመው የሚስቱ ወንድም ነው፤ ግንበኛ ነው፤ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። የሚኖረው ከዚሁ ቤት ጀርባ ነው።)

ሊቁ፦ ዝቅ አድርገው አልኩህ እኮ።

ቀስ በቀስ፦ ጋሼ፣ ከዚህ ዝቅ ካለማ በር ሆነ።

ሊቁ፦ ሶፋዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አንገቴን ሳላንቀሳቅስ ኩሬውን ማየት አለብኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው አንገት ሳዞር ውዬ፣ ቤቴ ገብቼ ደግሞ የራሴን ላዙር?

ቀስ በቀስ፦ የቱን ኩሬ?

ሊቁ፦ የሚሠራውን ነዋ። ማዶ የተሰቀለውን ትልቅ ሥዕል አላየህም? ፎቅ አለ፣ ዛፍ አለ፣ መሀል ላይ ኩሬ አለ። ዳክዬ ሁሉ አለው።

ቀስ በቀስ፦ ትናንት ግን ይሄን ግንባታ እሳት ይብላው ብለዋል።

ሊቁ፦ ዛሬም ይብላው። አቧራው ሳንባዬ ውስጥ ገብቶ ጎጆ ወጥቷል። ባለፈው አንዱን ሙሽራ ፂሙን እያስተካከልኩት፣ ያ ጉደኛ ማሽን መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው ምላጩ አምልጦኝ ግራ ቅንድቡን ይዞት ሄደ። ሰውዬው ቅንድቡ በእርሳስ ተስሎለት ነው የተሞሸረው።

ቀስ በቀስ፦ ታዲያ እሳት ይብላው ያሉትን ነገር ለማየት ግድግዳ ይፈርሳል?

ሊቁ፦ አየህ፣ አንተ የምታስበው በመዶሻህ ነው። ሰው የሚሰድበውን ነገር ካላየው ስድቡ ከየት ይመጣለታል?

ቀስ በቀስ፦ እሱስ ልክ ነዎት። (ግድግዳውን አንዴ መታ ያደርጋል፤ ይቆማል) ቆይ፣ ሰዎቹንስ? እዚያ ፎቅ ላይ የሚገቡትን?

ሊቁ፦ እነሱንማ ንቄ ንቄ ነው የምገድላቸው። ውሻቸውን ሊያናፍሱ ሲወርዱ እዚህ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። ውሻው ልብስ ለብሷል፣ ሰውየው ባዶ እግሩን በነጠላ ጫማ። ምን ዓይነት ዓለም ነው በለኝ።

ቀስ በቀስ፦ ምን ዓይነት ዓለም ነው?

ሊቁ፦ ጠይቀኝ አላልኩህም። እያወራሁ ነው። ደግሞስ እነዚህ ሰዎች ፀጉር አያበቅሉም? ያበቅላሉ። ማን ይቆርጠዋል? እኔ። ሱቄን መስታወት በመስታወት አደርገዋለሁ። በር ላይ ደወል አንጠለጥላለሁ። ደንበኛ ሲገባ «እንኳን ደህና መጡ» አልልም፤ ዝም ብዬ ነው የማያቸው። ሀብታም ዝም ሲሉት ያከብራል።

ቀስ በቀስ፦ እንግዲያው ወደውታል ማለት ነው።

ሊቁ፦ ማን? እኔ? ጠላሁት እንጂ። ብቻ ቶሎ ቢያልቅ ደስ ይለኛል።

(ቀስ በቀስ መዶሻውን አስቀምጦ በበሩ በኩል ማዶ ያለውን ሥዕል አሻግሮ ያያል። ይቆያል።)

ሊቁ፦ ምን ትገተራለህ?

ቀስ በቀስ፦ ቤትዎን ሥዕሉ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

ሊቁ፦ ሠዓሊ ዋና ዋናውን ነው የሚስል። ፎቶ ስትነሣ ኪስህ ውስጥ ያለው መሀረብ ይወጣል?

ቀስ በቀስ፦ አይወጣም።

ሊቁ፦ በቃ። ስላልታየ የለም ይባላል?

ቀስ በቀስ፦ አይባልም። የእኔ ቤት ግን ይታያል። ያ ሰማያዊው ቆርቆሮ፣ ጫፍ ላይ።

ሊቁ፦ (መጥቶ ያያል፤ ፊቱ ይኮሳተራል) እሱማ ለማስጌጫ ነው። ሀብታም ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት አንድ ደሃ ማየት አለበት። ያለዚያ ሀብታምነቱ አይታወቀውም።

ቀስ በቀስ፦ ምስኪኖች። (ያስባል) ግን ጋሼ፣ ኩሬው ያለው ከሰማያዊው ቆርቆሮ ፊት ለፊት ነው።

ሊቁ፦ እና?

ቀስ በቀስ፦ ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ያለው የእርስዎ ቤት ነው።

ሊቁ፦ ሥዕል እንደ ሰው ፊት አይደለም፤ ማንበብ ይፈልጋል። ሩቁ ቅርብ ይመስላል፣ ቅርቡ ሩቅ። እኔ የስንት መሐንዲስ ፀጉር ቆርጫለሁ፤ ሁሉም ወንበሬ ላይ ነው የሚያስረዱኝ። አንተን ግን ማን ያስረዳሃል? ብሎኬት?

ቀስ በቀስ፦ እኔንማ ስብሰባው ላይ አስረድተውኛል።

ሊቁ፦ የቱ ስብሰባ ላይ?

ቀስ በቀስ፦ የላኩኝ ላይ ነዋ። «ስብሰባ የሚሄደው ሥራ ፈት ነው፤ አንተ ሂድልኝ» ብለው።

ሊቁ፦ አዎ አዎ። እንዳልኩህ ተቃወምክ አይደል?

ቀስ በቀስ፦ በደንብ አድርጌ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ እጁን ያወጣው አንድ እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ እንዲህ ነው ወንድ። ሌላውማ በግ ነው፤ ፊተኛው ከሄደ ይሄዳል።

ቀስ በቀስ፦ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የነበሩ እናት ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» አሉኝ።

ሊቁ፦ ፈርተው ነው። አንተስ ምን አልክ?

ቀስ በቀስ፦ «ሐሳቡ የእኔ አይደለም፣ የጋሼ ነው» አልኩ።

ሊቁ፦ (ደረቱን ነፋ አድርጎ) ስሜ ተጠራ በለኛ።

ቀስ በቀስ፦ ሦስት ጊዜ። ሰብሳቢዋ «እርግጠኛ ነህ?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። እኔም ደጋግሜ ተቃወምኩ። «ቢለማመጡህ እንዳትላላ፤ መለማመጥ ማታለያቸው ነው» ብለውኝ የለ?

ሊቁ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ለዚህ እኮ ነው አንተን የላክሁ። (ይስቃል) ለመሆኑ ምኑን ነበር የተቃወምከው?

ቀስ በቀስ፦ የቤትዎን መትረፍ።

(ከውጭ የሚሰማው ድምፅ ይቆማል።)

ሊቁ፦ ምኑን?

ቀስ በቀስ፦ የዚህን ቤት መትረፍ። ሰብሳቢዋ «የፀጉር አስተካካዩ ቤት ጠንካራ ነው፤ ኩሬውን ትንሽ ገፋ አድርገን ቤቱ ባለበት ይቆይ። የሚቃወም አለ?» አለች። አለሁ አልኩ።

ሊቁ፦ አንተ…

ቀስ በቀስ፦ «ስለ ቤቴ ያሉትን ሁሉ ተቃወም» ነው ያሉኝ። እሷ ያለችው ይህንን ነው።

ሊቁ፦ (ላስቲኩ ላይ ይቀመጣል) እህትህ ሙሽራ ሆና የገባችው በዚህ በር ነው። ልጆቼ ግድግዳ ይዘው መራመድ የጀመሩት እዚህ ነው፣ አንተ የቆምክበት ጋ። ስንቱን ዓመት ቆሜ ቆሜ፣ እግሬ አብጦ የሠራሁት ቤት ነው። ከዚህ ሌላ የት ነው የምገባ?

ቀስ በቀስ፦ አውቃለሁ ጋሼ። እጄን አውጥቼ እያለቀስኩ ነበር።

ሊቁ፦ እያለቀስክ? ታዲያ ምን ዋጋ አለው? ስትመለስስ ምነው አልነገርከኝ?

ቀስ በቀስ፦ ነግሬዎታለሁ እንጂ። «ተቃወምኩ» ስልዎት፣ ምኑን ሳይሉኝ አቅፈው ሳሙኝ። ጃኬትዎንም አውልቀው ሰጡኝ። (የለበሰውን ጃኬት ያሳያል) ይኸው።

ሊቁ፦ በል አውልቀው። ቆይ ቆይ። ያንተ ቤትስ? እዚያው ስብሰባ ላይ ስለ አንተ ቤት አልተጠየቀም?

ቀስ በቀስ፦ ተጠይቋል። «ሰማያዊው ቆርቆሮ ይቆይ፤ የሚቃወም አለ?» ተባለ።

ሊቁ፦ አንተስ?

ቀስ በቀስ፦ ጨነቀኝ። ስለ እኔ ቤት ምንም አላዘዙኝም። የሚያዘኝ ሰው ከሌለ ምን ላድርግ ብዬ፣ የማላውቅበትን ነገር ብቻዬን አሰብኩት። በመጨረሻ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ።

ሊቁ፦ እና ተረፈ።

ቀስ በቀስ፦ ተረፈ። ኩሬው ከቤቴ ደጃፍ ላይ ነው የሚጀምረው አሉ። ዳክዬዎቹ እንዳያስቸግሩኝ ነው የምፈራው።

ሊቁ፦ (ይነሣል፤ ይቀመጣል፤ ይነሣል) ይህን ሁሉ እያወቅህ ነው ጠዋት መጥተህ ለሚፈርስ ግድግዳ መስኮት የምትለካልኝ?

ቀስ በቀስ፦ ክፈት አሉኝ። ሥዕሉን ሳሳይዎት ደግሞ ማንበብ አትችልም አሉኝ። ከእርስዎ ጋር ማን ይከራከራል?

ሊቁ፦ አሁን ምን ይሻላል? አንድ ነገር በለኝ እንጂ።

ቀስ በቀስ፦ አቤቱታ እስከ ዛሬ ከሰዓት ይሰማሉ አሉ። አዳራሹ አልተዘጋም። እርስዎ ሄደው ለምን አይናገሩም?

ሊቁ፦ እኔ? ሰፈሩን ሁሉ ስብሰባ የሚወድ ሥራ ፈት ብዬ የሰደብኩት ሰውዬ? በምን ፊቴ ገብቼ ነው «እባካችሁ ቤቴን» የምላቸው? ደግሞም ሰብሳቢዋ… (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ያ ቅንድቡን ያጠፋሁበት ሙሽራ ባሏ ነው።

ቀስ በቀስ፦ እሱማ ከባድ ነው።

ሊቁ፦ አንተ ሂድልኝ። በሞቴ ሂድልኝ። አሁኑኑ።

ቀስ በቀስ፦ እሺ፣ እሄዳለሁ። (የእጁን አቧራ ያራግፋል) ልቃወም ወይስ ልስማማ?

ሊቁ፦ ተቃወም። አይ፣ ተስማማ። ቆይ፣ «ይፍረስ» የሚሉ ከሆነ ተቃወም፤ «ይፍረስ የሚለው ይቅር ወይ» ካሉ ደግሞ… የሚጠይቁበት መንገድ ራሱ… (ላቡን ይጠርጋል) ስማ ወንድሜ። ምንም አትጠይቀኝ። በራስህ ቤት ጊዜ ያደረግከውን፣ ያንኑ ለእኔም አድርግልኝ።

ቀስ በቀስ፦ ያንኑ?

ሊቁ፦ ያንኑ። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።

ቀስ በቀስ፦ እሺ ጋሼ። (በሩ ጋ ይደርሳል። ሊቁ አንድ ነገር ሊያስታውሰው አፉን ሲከፍት ዞሮ መዳፉን ያነሣበታል) ተው እንጂ ጋሼ። በራሴ ቤት ጊዜ እርስዎን አልጠየቅሁም፤ ዝም ነው ያልኩት።

(ይወጣል።)