በግድግዳ በኩል የሰማሁት ወንጌል

ሰው ማመን ጥሩ ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔ ግን ሳልጠይቃት ምራቂ የጨመረችልኝን ቲማቲም ሻጭ እንኳ ዞር ብዬ ሳላያት ከገበያ አልወጣም። ለምን ጨመረችልኝ? ከታች ያለው በስብሶ ይሆን? ቡሬ ገበያ ቅቤ ስገዛ ሻጯ ከማለች አንዴ እቀምሳለሁ፤ ካልማለች ደግሞ ለምን አልማለችም ብዬ ደግሜ እቀምሳለሁ። ባለቤቴ የሺወርቅ "አንተ ሰው፣ መልአክ ቢመጣልህ መታወቂያ ትጠይቀዋለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። መጠየቁስ ምን ክፋት አለው? መልአክ ከሆነ አይደብቅም።

እናንተም ብትሆኑ ያው ናችሁ፣ አትሸፋፍኑ። በተለይ ቤት የምታከራዩ። ተከራይ በር ላይ ቆሞ ሲያነጋግራችሁ ዓይናችሁ ከጫማው እስከ ጠጉሩ ሲመላለስ አይቻችኋለሁ። ስንት ናችሁ? ልጅ አላችሁ? ውሃ ታበዛላችሁ? ታመሻላችሁ? ታጨሳላችሁ? አንዲት ጥያቄ ብቻ ግን እንጠይቅና መልሷን በትክክል ሳናጣራ እናልፋለን፤ መዘዙም የሚመጣው ከዚያች ነው።

እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከግቢዬ ጥግ አንዲት የምትከራይ ክፍል አለችኝ። ከመኝታ ቤቴ የሚለያት አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ያውም ምርጉ የሳሳ። መስከረም ላይ ዮሴፍ የሚባል ልጅ ሊከራያት መጣ። ከወደ ደቡብ ተዛውሮ የመጣ፣ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ የሚያነሳ፣ ትሑት ልጅ ነው። በጣም ትሑት ነው፤ ትሕትናው ራሱ አላማረኝም። "ክርስቲያን ነህ?" አልኩት። "አዎ ጋሼ" አለኝ። ቁልፉን ሰጠሁት። በሳምንቱ የሺወርቅ አብሮን እንዲያስቀድስ ስትጠራው ነው ነገሩ የወጣው። "እማማ፣ እኔ እኮ ካቶሊክ ነኝ" አላት፣ ፈገግ ብሎ።

የነሱ ቤተ ክርስቲያን በቅርብ ስለሌላቸው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ የባንክ ሠራተኛና አንዲት አስተማሪ እሱ ዘንድ ይመጣሉ። የሳምንቱን ወንጌል ያነባሉ፤ ከዚያ ዮሴፍ ስለ ንባቡ ጥቂት ይናገራል። "አስተንትኖ" ነው የሚሉት። በኔ ጣሪያ ሥር መሆኑ ነው እንግዲህ!

መመርመር ጀመርኩ። ረቡዕና ዓርብ በደጁ ሳልፍ ድስቱን አሸተትኩ። ሽሮ ነው። ሲያማትብ ጠብቄ አየሁት፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ልክ እንደኔው። መቁጠሪያ አለው። የእመቤታችንን ሥዕል ከአልጋው በላይ ሰቅሏል። ልዩነት ፈልጌ ባጣሁ ቁጥር ጥርጣሬዬ ባሰ። አንድ ነገር ካልደበቀ በቀር ሰው እንዴት ይህን ያህል ይመሳሰላል?

በዚህ ላይ ጎረቤቴ አያ ደሳለኝ በእድር ስብሰባ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ "ቤትህን የካቶሊክ ጸሎት ቤት አደረግኸው አሉ" አለኝ። ማን ነው ያለው ብዬ ብጠይቀው "ሰው ነዋ" አለኝ። ይህ "ሰው" የሚባል ፍጡር በኛ ከተማ ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ይሰማል፣ አንድም ቀን ግን ፊት ለፊት አግኝቼው አላውቅም። ብቻ ደሜ ፈላ። ልጁን ላስወጣው ወሰንኩ።

የሺወርቅ ስትሰማ ቱግ ብላ ተነሳች። "ምን አደረገህ? ሁለት አከራዮች ሃይማኖቱን ሲሰሙ እንቢ ብለውት ነው እኛ ጋ የመጣው። አንተም ካስወጣኸው በዚህ ከተማ ማን ያስጠጋዋል? ጓደኞቹስ የት ሊሰበሰቡ ነው? የማይሆን ነገር ነው፤ ግድ የለህም፣ መጀመሪያ የነፍስ አባታችንን ጠይቅ!" አለችኝ።

በኛ አገር ላም ሲሸጥም፣ ሚስት ስታኮርፍም፣ ልጅ አልታዘዝ ሲልም የነፍስ አባት ይጠየቃል። መምሬ ይባቤ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው መስቀላቸውን በእጃቸው ያዟዙራሉ። ሁሉን ነገርኳቸው።

"ምን ብሎ ያስተምራል?" አሉኝ።

"እኔ ምን አውቄ አባ! ካቶሊክ ነው አልኩዎት እኮ።"

"ሳትሰማ ነው የምታስወጣው? በል ሂድ፣ ስማና ንገረኝ። ኑፋቄ ካገኘንበት ያኔ ታስወጣዋለህ።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥራ አገኘሁ። እሑድ ስምንት ሰዓት ሲሆን የመኝታ ቤቴን በር ዘግቼ፣ አልጋዬን ገፍቼ፣ ጆሮዬን ከግድግዳው አጣብቄ እቆማለሁ። ዕድሜ ልኬን ስብከት ሲጀመር ዓይኔ የሚከደን ሰውዬ፣ አሁን አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ ትንፋሼን ውጬ አዳምጣለሁ። ስሕተት የሚፈልግ ሰው ጆሮው እንዴት እንደሚከፈት ብታዩ!

የመጀመሪያው ሳምንት ንባብ ፍርድ ፈልጋ ዳኛ ዘንድ ስለምትመላለሰው ባልቴት ነበር። ዮሴፍ እንዲህ አለ፦ "ሁላችንም የባልቴቲቱን ትጋት እናደንቃለን። እኔ ግን ዳኛውን ሳስብ አፈርኩ። ባለፈው ከሰከላ ገጠር አንዲት እናት መጥተው ነበር፤ ደረታቸውን ያማቸዋል። የራጅ ፊልም አልቋል፣ ነገ ይመለሱ አልኳቸው። 'እሺ ልጄ' ብለው ወጡ። ፊልሙ አላለቀም ነበር፤ የምሳ ሰዓቴ ደርሶ ነው። በማግስቱም አልመጡም። የት እንዳሉ አላውቅም። በእያንዳንዱ 'ነገ ተመለሱ' ውስጥ ያ ዳኛ እኔ ነኝ።" ሴቲቱ አስተማሪ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ተሰማኝ።

ሰኞ ጠዋት መምሬ ዘንድ ሄጄ አንድም ሳላስቀር አቀረብኩ። መምሬ መስቀላቸውን ማዟዟር አቆሙ። "የምሳ ሰዓቴ ደርሶ ነው አለ? በራሱ አፍ?" አሉኝ።

"በራሱ አፍ። ኑፋቄ አለበት አባ?"

"እንጃ፣ ገና አልለየም። የሚመጣውንም ስማልኝ" አሉኝ።

ጎሽ፣ ነገሩ ሊያዝ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ተመለስኩ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ሊያስተምሩ ቆሙ። የባልቴቲቱን ታሪክ ጀመሩ። ይሁን፣ ወንጌል ነው፤ ማንም ያነበዋል። ቀጥለው ግን "ወገኖቼ፣ በእያንዳንዱ 'ነገ ተመለሱ' ውስጥ ያ ዳኛ አለ!" ሲሉ ክው ብዬ ቀረሁ። የቀበሌው ሰው አንገቱን ደፋ። መሬት አስተዳደር የሚሠራው ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳበ። ከጉዳይ ብዛት እግራቸው የቀጠነ ባላገሮች እልል አሉ። አያ ደሳለኝ ክርኔን ነካ አድርጎ "መምሬ ዛሬስ ነኩን! ከየት ከየት ነው የሚያመጡት?" አለኝ።

ከየት እንደሚያመጡት አውቃለሁ። ከመኝታ ቤቴ ነው።

አያችሁ ጉዴን? ካቶሊክ እንዳይገባ ዘብ ቆሜያለሁ ያልኩት ሰውዬ በገዛ ጆሮዬ ተሸክሜ እስከ ዐውደ ምሕረት አደረስኩት። ለማን ይነገራል ይሄ? ለአያ ደሳለኝ ብነግረው እኔው ልወገዝ ነው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ደግሞ ንባቡ ስለ ፈሪሳዊውና ስለ ቀራጩ ሆነ። ዮሴፍ ቀስ ብሎ፣ ነገር ግን በጣም ጥርት ባለ ድምፅ "ፈሪሳዊው ለጸሎት ቆሞ የሌላውን ሰው ኃጢአት ያወራል። እስቲ ጸሎታችንን እናዳምጠው። የምንጠረጥረው ሰው ስም ከእግዚአብሔር ስም በልጦ የሚጠራበት ከሆነ፣ እሱ ጸሎት አይደለም፤ ክስ ነው" አለ። በማግስቱ ለጸሎት ስቆም ሳላስበው ራሴን አዳመጥኩ። ዮሴፍን ግለጥልኝ፣ የዮሴፍን ተንኮል አሳየኝ፣ ከዮሴፍ ጠብቀኝ። ተናደድኩ። ማን አባቱ ነው በኔ ጸሎት ውስጥ የሚገባው!

በዚያው ንዴት መምሬ ዘንድ ሄድኩ። "አባ፣ እሑድ ያስተማሩት እኮ የካቶሊኩ ነው!" አልኳቸው።

መምሬ ዓይናቸውን ገለጡ። "ባልቴቲቱ ካቶሊክ ናት እንዴ?" አሉኝ።

"እሷማ አይደለችም…"

"ዳኛውስ?"

"እሱም አይደለም አባ።"

"እኔ የሰማሁት ከአንተ አፍ ነው፤ ስሕተት ካለበት ያኔ ማለት ነበረብህ። ስለ ልጁ ከሆነ ኑፋቄ አላገኘሁበትም። ቤቱ ግን ያንተ ነው፤ ብታስወጣውም ባታስወጣውም የምትጠየቀው አንተ ነህ" ብለው መስቀሉን ዘረጉልኝ። ተሳለምኩና ወጣሁ፤ ግን አላመንኳቸውም። የሚያስተምሩት እንዳያጡ ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

እሑድ ዕለት ቁርጤን ለማወቅ አልጋዬን ገፍቼ ቆምኩ። ከዛሬ በኋላ ወይ ይወጣል፣ ወይ አፌን እዘጋለሁ። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ድምፅ የለም። ጆሮዬን ይበልጥ አጣበቅሁ። ምንም። ወዲያው የራሴ በር ተንኳኳ። ስከፍተው ዮሴፍ ቆሟል።

"ጋሼ" አለኝ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "ዛሬ ንባቡ ረዘም ይላል። ቆመው ከሚደክሙ ወንበር አዘጋጅተንልዎታል።"

ፊቴ የበርበሬ ክምር መሰለ። "ምን… ከየት አወቅህ?"

"አልጋው ሲገፋ ይሰማል። ደግሞ ያስነጥስዎታል። እንዳይቸገሩ ብዬ እኮ ነው ድምፄን ከፍ የማደርገው።"

ተከትዬው ገባሁ። የሺወርቅ ቀድማ ገብታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ። ሴቲቱ አስተማሪ ማንበብ ጀመረች። ስለ ዘኬዎስ ነው፤ ሰው ሳያየኝ አያለሁ ብሎ ዛፍ ላይ የተሰቀለው፣ ጌታም ቀና ብሎ ና ውረድ፣ ዛሬ ቤትህ እገባለሁ ያለው ሰውዬ።

ይሄኔ ትዕግሥቴ አለቀ። ከወንበሩ ብድግ አልኩ። "ስማ ልጄ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም! ባለፈው ሳምንት ጸሎቱ ክስ የሆነበት ሰው። ዛሬ ደግሞ ተደብቆ የሚያጮልቅ ሰው። ሆን ብለህ ለኔ እየመረጥክ ነው የምታስነብበው!"

የዮሴፍ ፊት ዓመድ ሆነ። የሚያስወጣው ቃል ከአፌ ሊወጣ መሆኑን ያወቀ ይመስለኛል። ጓደኞቹም መጽሐፋቸውን ሰበሰቡ።

"በእግዚአብሔር ስም ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም የምመርጠው" አለ። "ንባቡ አስቀድሞ የተመደበ ነው። በኛ ሥርዓት ያለ ካቶሊክ ሁሉ፣ ሮም ያለውም ሌላ አገር ያለውም፣ ዛሬ እሑድ የሚያነበው ይህንኑ ነው።"

ዓይኑን አየሁት። የሺወርቅ አየችኝ። አልዋሸም፤ የሚዋሽ ሰው ዓይን አውቃለሁ። እንግዲህ አስቡት፣ ዓለም በሙሉ ሁለት እሑድ በተከታታይ ቁጭ ብሎ የኔን ጉዳይ ሲያነብ ከርሟል!

"ሮም ድረስ?" አልኩት።

"ሮም ድረስ፣ ጋሼ።"

ተመልሼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። "እንግዲያው የኔን ነገር እዚያ ድረስ ማን እንዳደረሰው አጣርቼ እስካገኝ፣ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ እንዳትል" አልኩት። "በይ ልጄ፣ አንብቢ።"