የወይዘሮ ዊኒፍሬድ ፍሪዘር

በየሰፈሩ ነገር ማስቀመጥ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌሎቻችን የምናውቀው መግዛት ብቻ ነው። እንገዛለን፣ እንከፍታለን፣ ክዳኑን ጣል እናደርግበትና መስኮት ላይ እንረሳዋለን፤ ከዚያ «ተበላሸ» ብለን ሻጩን እንራገማለን። ያ ሰው ግን ሌላ ፍጡር ነው። ሽንኩርቱ አይበቅልም፣ የእጅ ባትሪው ድንጋይ አያፈስም፣ ከስምንት ዓመት በፊት የገዛው የግድግዳ ቀለም ሲከፈት ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። እኛ በእንግሊዟ የወደብ ከተማ ግሪምዝቢ ከወደቡ ጀርባ ያለን ሰዎች የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ካርትሌጅ ናቸው።

ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አንዱን ዓመት ያሳለፉት ወደቡ ላይ፣ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ስለዚህም በሐምሌ ሙቀት እንኳን ሹራባቸውን አያወልቁም። በአሥራ አምስት ዓመታቸው የጀመሩትን ሲጋራ በስልሳ አራት ዓመታቸው በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተክተው ተገላገሉት። በዚያው ሰሞን በኤሌክትሮኒኩ ሲጋራ የሚሞላውን ጠንካራ ፈሳሽ ኒኮቲን በትልቅ ጠርሙስ መሸጥ ሊከለከል ነው ተባለ። ሌላው መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ መንግሥትን ሲያማ እሳቸው ሄደው ትርፍ ፍሪዘር ገዙና ሳይከለከል በጠርሙስ ሞሉት።

ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ የመንገዳችን አሥራ አንድ የቀድሞ አጫሾች ኒኮቲን ያለው በዚያ ፍሪዘር ውስጥ ነው። መርዝ ነውና ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ በግሊሰሪን አቅጥነው፣ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ብልቃጥ ያድሉናል። ሰልፉ ላይ ማንም አይቀልድም።

እኔ የተፈረደብኝ በሦስተኛው ወር ነው። ብልቃጤ ሲሰጡኝ እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነበር፤ ይዤው ስመለስ የቆየ ሻይ መስሏል።

«ኔቪል፣ ምንድነው ይሄ?»

«ኒኮቲኔ ነው። ጠቆረብኝ።»

«የት ነበር ያስቀመጥከው?»

«ኩሽና... መስኮቱ ላይ።»

«ፀሐይ የሚመታው መስኮት?»

«ያው ያለኝ አንድ መስኮት ነው።»

«ክዳኑስ?»

ባርኔጣዬን አስተካከልኩ።

«ክዳኑስ፣ ልጄ?»

«ሳይላላ አልቀረም።»

ያኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ ሆኜ ወለል ወለሉን አየሁ። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ አልተቆጡም። ፖም አምጥተው ለሁለት ገመሱና ፊቴ አስቀመጡት። «ሻይህን ጠጣ፤ እሱን እያየህ» አሉኝ። ጠጣሁ። ሁለተኛውን ሲኒ ሳጋምስ የፖሙ ነጭ ሥጋ ቡናማ መሆን ጀመረ።

«ማን ነካው?» አሉኝ።

«ማንም።»

«አየሩ ነካው! የአንተንም የነካው እሱ ነው። ኒኮቲን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ይለወጣል። መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይይዛል፣ ቀጥሎ የማር፣ በመጨረሻ እንዳንተው ይሆናል። ብርሃንና ሙቀት ሲጨመሩበት ደግሞ ይሮጣል። ብርሃን፣ አየር፣ ሙቀት! ሦስት ሌቦች ናቸው።»

«ስለዚህ ሞቷል?»

«ቀለም ብቻውን አይገድልም። ቢጫ ስላለ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ አየር አግኝቶታል ማለት ነው። ይሄ ግን...» ክዳኑን ከፍተው አፍንጫቸውን ከሩቅ አስጠጉና ፊታቸውን አዞሩ፤ «ይሄ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። ይሄንስ አልሰጥህም።»

ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ጥበባቸውን ለኒኮቲን ብቻ ቢያውሉት ሰፈሩ በተረፈ። ግን አላዋሉትም። የእህታቸው ልጅ ስታገባ ኬኩን ከመስኮት አንስተው ጓዳ አስገቡት፤ ሙሽሮቹ ቢላ ይዘው ኬክ ሲፈልጉ ሩብ ሰዓት ቆሙ። በዚያው ቀን የቤተ ክርስቲያኑን የተጋመሰ ወይን ከትልቁ ጠርሙስ ወደ ትንሽ ገልብጠው እስከ አፉ ሞሉት። ቄሱ ጠርሙሱን ሲያዩ ደነገጡ።

«ወይኑ አነሰሳ?»

«አላነሰም አባቴ። የቀነሰው አየሩ ነው። ግማሽ ጠርሙስ ማለት እኮ ግማሽ አየር ማለት ነው።»

የሚከራከራቸው አንድ ሰው ቢኖር ደሪክ ፑልፎርድ ነው። ደሪክ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ድምፁ ግን ጡረታ አልወጣም። «ዊኒ፣ አትሸወጂ፤ ቡናማው ነው የሚሻለው» ይላል። «እንደ ዊስኪ ሲቆይ ይጣፍጣል።»

«ዊስኪ በርሜል ውስጥ ነው የሚቆየው። የአንተ መኪና ውስጥ መሪው ፊት ለፊት ነው የቆየው።»

ደሪክ ይህን ለማስተባበል ቡናማውን ሲጋራው ላይ ሞልቶ እፊታችን አንድ ጊዜ ሳበ። ሳሉ ሲያቆም እንባውን ጠርጎ «ጠንካራ ነው» ብቻ አለ።

ባለፈው ሐምሌ ግን ቀልዱ ሁሉ ቆመ። ሙቀቱ ሰው ባሳበደበት ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መንገድ የሚቆፍሩ ሰዎች የመብራት ገመድ በጠሱ። ሁለት ቀን ይፈጃል ተባለ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንዳችንም ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ጓዳ ተገኘን። እሳቸው ቀድመውናል። ፍሪዘሩን በሁለት ብርድ ልብስ፣ በአንድ ፍራሽና በክረምት ካፖርታቸው ጠቅልለው፣ ፊት ለፊቱ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል።

ደሪክ በረዶ የሞላበት ሳጥን ተሸክሞ ገባ። «ዊኒ፣ ክፈቺና የእኔን ስጪኝ። እዚህ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።»

«አይከፈትም።»

«ይሞቃል እኮ!»

«ከከፈትኩት ነው የሚሞቀው። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ካልተነካ ሁለት ቀን ይችላል። ቢሞቅስ? ጨለማ ውስጥ ነው፣ ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ሁለት ቀን ምንም አያደርገውም። የሚያበላሸው የእናንተ ጭንቀት ነው።»

ከእኔ በቀር ሌሎቹ እያጉረመረሙ ወጡ። ደሪክ ግን ቆሞ ቀረ፤ እጁ ከኪሱ አልወጣም።

«ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድነው?» አሉት ወይዘሮ ዊኒፍሬድ።

«ምንም።»

«ደሪክ።»

እጁን አወጣ። ያልተከፈተ ፓኬት ሲጋራ ነበር። ያ መኪና የሚያክል ሰውዬ ድምፁ ጠፋ። «ምናልባት ብዬ ነው ዊኒ። ከአሁን አሁን አለቀ ስል... ገባሁና ገዛሁ። እጄ ራሱ ነው የገዛው።»

ስድብ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ተነስተው ሌላ ወንበር አመጡና ከጎናቸው አኖሩ። «ቁጭ በል» አሉት።

ተቀመጠ። ሐሙስን እስኪመሽ፣ ዓርብን ሙሉ ቀን ተቀመጠ። እኔም ወጣ ገባ እያልኩ ሳንድዊች አቀብላቸው ነበር። ስለ መጋዘኑ ያወሩታል፣ እሱም ስለ መንገድ ያወራቸዋል፣ ሲደክማቸው ካርታ ይጫወታሉ፤ ፓኬቱ መካከላቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። አንድ ጊዜ እጁ ወደ ፓኬቱ ሲሄድ አየሁ። ወይዘሮ ዊኒፍሬድም አይተዋል። «ተራህ ነው፣ ጣል» አሉት፤ ካርታውን ማለታቸው ነው። ጣለ። ዓርብ ማታ መብራት ሲመጣ ደሪክ ፓኬቱን ራሱ አነሳና ቧንቧ ከፍቶ አርሶት ቆሻሻ ውስጥ ከተተው።

በዚያን ጊዜም ፍሪዘሩ አልተከፈተም። «ይቀዝቅዝ መጀመሪያ» ተባለ። የተከፈተው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሁላችንም ጓዳው ውስጥ ትንፋሻችንን ይዘን ቆመናል። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ጓንት አጠለቁ፣ አንድ ጥቁር ጠርሙስ አወጡ፣ ጥቂት በብልቃጥ ቀድተው ከነጭ ወረቀት ፊት አቆሙት። ዘጠኝ ዓመት የቆየ ነገር ነው። ሁለት ቀን መብራት አጥቷል። እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ያለ ነው፤ ጠጋ ብሎ ላየው ብቻ የገለባ ጥላ የመሰለ ነገር ነበረው። እኔ ታላላቅ ካቴድራሎች ገብቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ባርኔጣዬን ያወለቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሰዉ ሲበተን ጠርሙሶቹን ለመመለስ ቀረሁ። ሁሉም ላይ ስም ተጽፏል፤ የእኔ፣ የደሪክ፣ የሌሎቹ። የእያንዳንዳችን ድርሻ እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ እንዲያበቃ ከጎኑ በወር በወር ተሰልቷል። አሥራ አንዱን ስም ቆጠርኩ።

«የእርስዎ የቱ ነው?» አልኳቸው።

«የእኔ የለም። ካቆምኩ አራት ዓመቴ ነው።»

«ኒኮቲኑንም?»

«ሁሉንም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድነው?»

ጓንታቸውን አወለቁ። «መጋዘኑ ውስጥ በእኛ ጠረጴዛ ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። በእረፍት ሰዓት ወደቡ ላይ ተደርድረን አብረን ነበር የምናጨሰው። ስድስቱን ቀብሬያለሁ፣ ኔቪል። ከእንግዲህ ለቀብር የሚሆን ጉልበት የለኝም።» ይህን ብለው ፍሪዘሩን ቆለፉ።

እኔ የመጨረሻ ብልቃጤን የጨረስኩት በጥቅምት ነው። ሳልዋሽ፣ ሁለት ወር ያህል ሆን ብዬ አዘግይቼዋለሁ፤ ምክንያቱን ለደሪክ እንኳን አልነገርኩትም። በኅዳር የመጀመሪያ ማክሰኞ እግሬ በልማዱ ወሰደኝና በራቸውን አንኳኳሁ። ከፍተው ሁለት ባዶ እጆቼን ተራ በተራ አዩ።

«ምን ፈለግህ?»

«ምንም።»

ከበሩ ዞር አሉልኝ። «ግባ እሺ። ሻይ ጥጄያለሁ።»