ወፉ ሚዜና እኔ ብሉ

እናንተዬ፣ ድምፁ ያማረ ሰው አያናድዳችሁም? እኔን ያቃጥለኛል።

ከቢቸና ተነስተን ሞጣ ሰርግ ሄድን። አንዱ ሚዜ ገና ማቀንቀን ሲጀምር ባለቤቴ ላጎርሳት የዘረጋሁትን እጄን ትታ፣ "ይሄስ ሰው አይደለም፣ ወፍ ነው" አለች። ወፍ ምኗ ያስቀናል? እኔ ወፍ የማውቃት ጤፋችንን ስትለቅም ነው።

"እኔስ ምንድን ነኝ?" አልኳት። ቢያንስ ንስር ትለኛለች ብዬ ነበር።

ጠርጌ የበላሁትን ትሪ አየችና፣ "አንተማ ብል ነህ። ብልም ጋቢውን የሚጨርሰው ድምፅ ሳያሰማ ነው" አለች።

ሰው ፊት ምን እላለሁ? ኮራ ብዬ፣ "እንግዲህ ዝም ብል ይሻለኛል" አልኩ። የቅኔ መምህር ልጅ ማግባቴን ረስቼ ነው። "ዝም፣ ብል" ብላ ቃሉን ለሁለት ሰነጠቀችና እስከ ቢቸና ድረስ ሳቀችብኝ።