ገና አልጠራም!

አሮጌ ሌንስ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ፍኖተ ሰላም ብቅ በሉና ፎቶ አንሺውን ደሳለኝን ጠይቁ። ካሜራው የዘመኑ ዲጂታል ነው፤ ራሱ አይቶ፣ ራሱ አጥርቶ ማንሳት ይችላል። ደሳለኝ ግን ይህን ሁሉ ትቶ በማገናኛ ቀለበት የአባቱን ዘመን ሌንስ ይገጥምበትና ምስሉ እስኪጠራ በእጁ ያሽከረክረዋል። ለምን ብትሉት «ይኼ ሌንስ ፊት ያውቃል» ይላችኋል። እሺ፣ ይወቅ! እኛ እስከዚያ ምን እንሁን?

በቀደም ቡሬ ሰርግ ነበርን። ሙሽሮቹ የሙሽራዋን አባት የአቶ ታረቀኝን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ። አቶ ታረቀኝም ምርቃት ጀመሩ።

«ቆዩኝ አባቴ፣ ገና አልጠራም!» አለ ደሳለኝ፣ ሌንሱን እያዞረ።

ልጅ ጉልበት ላይ ተደፍቶ ምርቃት ይቋረጣል እንዴ? አቶ ታረቀኝ ሙሽሮቹን መርቀው ሲጨርሱ በሬዎቹን፣ የበርበሬ ማሳውን፣ ድንኳኑን፣ ወጥ ሠሪዎቹን መረቁ። እኛም አሜን ስንል ጉሮሯችን ደረቀ።

«ትንሽ ነው የቀረኝ አባቴ!»

የሚመርቁት ቢያጡ ዓይናቸው ጥግ የተቀመጡት ወንድማቸው ላይ አረፈ። በእርሻ ድንበር ተጣልተው ስንት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ለወንድሜም ዕድሜ ይስጥልኝ» አሉ።

አሜን የሚል ጠፋ። ያኔ ካሜራው ቀጭ አለ።

ፎቶውን አየነው። ሙሽሮቹ ጭጋግ የዋጣቸው ይመስላሉ። ከኋላ ግን ወንድምየው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ፣ የእንባቸው ዘለላ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ሙሽራው ሊቆጣ አፉን ሲከፍት አቶ ታረቀኝ ቀደሙት።

«ሁለት አድርገህ እጠብልኝ ልጄ። አንዱን እኔው ራሴ አደርስለታለሁ።»