እባቡ ይምጣ ወይስ ይቅር?

ምክር የሚጠይቅ ሁሉ ምክር የሚፈልግ እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው የሚፈልገው አጨብጫቢ ነው። ልቡ ቆርጦ ካበቃ በኋላ ነው "እስቲ አንተ ምን ትላለህ?" እያለ የሚዞረው። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም፤ የሁሉም አለቃ ግን ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ልብስ ይሰፋል። እሱ ኮት፣ እኔ ሱሪ። ሰፈርተኛው "ምን ትላለህ" ይለዋል። እኔ ደግሞ ሲያበሳጨኝ ክቡርነታቸው እላቸዋለሁ።

ክቡርነታቸው አምና የሱቃችን በር ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ እያሉ ከፀጉር ቆራጩ እስከ ፖስተኛው አማከሩ። እኔ ሰማያዊ አልኩ። "ግሩም ሐሳብ!" ብለው ሲጨብጡኝ መዳፌ አረንጓዴ ሆነ። ለካ ቀብተው ጨርሰዋል! ብቆጣቸው "መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ" ብለው ተረቱብኝ።

ታዲያ ሰሞኑን አንዲት የሥነ ሕይወት መምህርት ካፖርት ልታሳጥር መጣች። ቤት ልትቀይር ነው፤ አዲሱ አከራይ ግን የምታሳድገውን እባብ አላስገባም ብሏታል።

"የዛፍ እባብ ነው፤ መርዝ የለውም። ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሞ መዋል ነው ሥራው። ደግ ሰው ባገኝ እሰጠው ነበር" አለች።

ቀና ስል የክቡርነታቸው ዓይን በርቷል። አለቀልን አልኩ በልቤ።

"እስከ ቅዳሜ ላማክርና" አሏት።

ሚስታቸው "እኔ ወይስ እባቡ? ምረጥ!" አለቻቸው። እየሳቁ መጡ። "አልከለከለችም እኮ! ምርጫ ሰጠችኝ።" የእባቡ ቀለብ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ አይጥ መሆኑን ስትሰማ ደግሞ ትራስ ወረወረችባቸው። "ትራስ ነው፤ ሰሃን አይደለም" አሉ ተስፋቸው እየለመለመ። ፀጉር ቆራጩ "ተው፣ ከእባብ እንቁላል እርግብ አይፈለፈልም!" ቢላቸው "እኔ መቼ እርግብ አማረኝ?" አሉት።

በመጨረሻ ሚስትየው ተሸነፈች። "ቤቴ ደጃፍ እንዳይደርስ! ከፈለግህ አይጡንም እባቡንም ሱቅህ አኑር።" ሱቅህ ማለት እንግዲህ ሱቃችን ነው። ከእኔ የስፌት መኪና አጠገብ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ ጫማዬ ውስጥ እባብ ካገኘሁ ወዲህ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሜትሬ ከጠረጴዛ ሲወድቅ እንኳ ወንበር ላይ እወጣለሁ። እሳቸውም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

እኔን ግን አልጠየቁኝም። አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ አምጥተው በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሱ "ምንድን ነው?" ብላቸው "ኮት መስቀያ" ብለው አንገታቸውን ደፉ። ከፋኝ። ፖስተኛው እንኳ ተጠይቆ!

ቅዳሜ ጠዋት "ምን ትላለህ" ሥራውን አቁሞ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። ፊቱ ላይ ያ የለመድኩት ፈገግታ የለም።

"ወንድሜ፣ አንተ ምን ትላለህ?"

"ዛሬ ገና ትዝ አልኩህ?"

"ሌሎቹ እምቢ ቢሉም እወስደው ነበር" አለኝ። "አንተ እምቢ ካልክ ግን ይቀራል። አጠገቤ ስትሳቀቅ እየዋልክ እኔ ደስ ሊለኝ ነው? እንዳትከለክለኝ ፈርቼ ነው ስሸሽህ የከረምኩት።"

እምቢ ልለው ስንት ቀን የተለማመድኩት ንግግር ጠፋብኝ። ቅርንጫፉ ጥግ ላይ ቆሟል፤ አንድ እሾህ፣ አንድ ሻካራ ቦታ የለውም። ይሄ ሰውዬ ለደንበኛ ኮት እንኳ እንዲህ አይጨነቅም። ደግሞም እወደዋለሁ፣ ምን ይደረግ!

"የሚቀመጥበት ሳጥን ክዳኑ ጥሩ አድርጎ ይገጥማል?" አልኩት።

ብድግ ብሎ አቀፈኝ፤ መርፌው ከነክሩ ደረቱ ላይ ተሰክቶ ኖሮ ወጋኝ።

መምህርቷ የመስታወት ሳጥኑን ይዛ ስትገባ እኔ ወንበር ላይ ወጥቻለሁ። አረንጓዴው እንግዳ ሳጥኑ ውስጥ በገባለት አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ቀስ ብሎ ተጠመጠመና ራሱን አሳረፈ። ጓደኛዬ እንደ ሕፃን አጨበጨበ።

"ወደ መስኮቱ አስጠጉት እንጂ፤ ብርሃን ያግኝ!" አልኩ ከላይ ሆኜ፣ ማንም "ምን ትላለህ?" ሳይለኝ።